ስጦታ አይደለም፣ እጅ መንሻ ነው

ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጄ ጋር ነው። ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ አቅቷት ስለነበር የክፍሏ መምህርት በምሳ ሰዓት እያስቀረች ዓመቱን ሙሉ አስጠናቻት። ወደ ቤት ስትሰዳትም "ዛሬ የተማርሽውን ለአያትሽ አስተምሪያት፤ ነገ እጠይቅሻለሁ" ትላት ነበር። ልጅቱም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቴ ትቀመጥና "ሰ"ን ከ"ሸ" ሳምታታ "አያቴ፣ ሸ ቆብ አላት እኮ!" እያለች ትቆጣኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን እሷም አነበበች፣ እኔም በእርጅናዬ አነበብኩ። አሁን የታክሲ ላይ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሱቅ ማስታወቂያ አንድ አይቀረኝም። በልጅነቴ ቅጠል ተሸክሜ አቀርቅሬ በወረድኩበት የእንጦጦ መንገድ ዛሬ ቀና ብዬ እያነበብኩ ነው የምወርደው።

ይህን ላደረገች ሴት ምን ይደረግላታል? ክፍላቸው ኮረብታው ላይ ስለሆነ ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢ ይሁን አልኩ። ድሩን ከገበያ ገዝቼ፣ ማጉን ክረምቱን ሙሉ በገዛ እንዝርቴ ፈተልኩት። ሸማኔው ክሩን በጣቱ ዳበስ አድርጎ "እማማ፣ ሙሽራ አለችዎት እንዴ?" አለኝ። "ከሙሽራ የምትበልጥ አለችኝ" አልኩት።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቆሜ ቀስ እያልኩ አነበብኩት፦ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከተማሪም ሆነ ከወላጅ ስጦታ መቀበል በጥብቅ የተከለከለ ነው። እስከ መጨረሻው ማንበቤ ራሱ አኮራኝ። ከዚያ አሰብኩ። ስጦታ ሰው ለእኩያው፣ ለታናሹ የሚሰጠው ነው። አባቴ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ የሚይዘውን ማር ማንም ስጦታ ብሎት አያውቅም፤ እጅ መንሻ ነበር የሚባለው። ጎንበስ ብሎ ማክበሪያ ማለት ነው። እንግዲያው ማስታወቂያው እኔን አይመለከተኝም አልኩ።

ዘበኛው የያዝኩትን አየና "እማማ፣ ማስታወቂያውን አላዩትም?" አለኝ።

"አንብቤዋለሁ" አልኩት፣ ቃሏን ረገጥ አድርጌ። "ይሄ ስጦታ አይደለም፤ እጅ መንሻ ነው።"

አፉን በእጁ ያዘ። "ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ!"

ጮክ ያልኩ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደገምኩለትና አልፌው ገባሁ።

መምህርቷን ያገኘኋት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ነው። የፈተና ሳምንት ነበርና ወረቀት በሁለት እጇ ታቅፋለች። ጋቢ ደግሞ እጅ ላይ አይሰጥም፣ ያለብሱታል እንጂ። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩና "እጅ መንሻሽ ነው፣ የኔ እመቤት" አልኳት። ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ከመዝገቡ ቀና አለ። የመምህርቷ ፊት ዐመድ መሰለ። ወረቀቷን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ጋቢውን አወለቀች፣ በሥርዓት አጥፋ መለሰችልኝ።

"እማማ፣ አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ተቀይሜ ወጣሁ። ታክሲም አልያዝኩም፤ ቅያሜዬን ይዤ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ያ ዘበኛ ቤቴ ድረስ መጣ። "እማማ፣ መምህርቷን ጉድ አደረጓት! ጸሐፊው 'በፈተና ሳምንት ከወላጅ እጅ መንሻ ተቀብላ ስትለብስ አይቻለሁ' ብሎ ጻፈባት። አሁን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ናት። የእድገት ወረቀቷ ክፍለ ከተማ ሊሄድ ነበር፤ መቅረቱ ነው።"

"እጅ መንሻ ምን ነውር አለበት?"

"ዛሬ እኮ እጅ መንሻ ማለት ጉቦ ነው፣ እማማ!"

ጉቦ! ነጠላዬን ደርቤ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ጎረቤቴን፣ ቅጠል ተሸክማ የምትወርደውን እናት አገኘኋት። የእሷ ልጅና የእኔ የልጅ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰላም ብያት ካለፍኩ በኋላ ሐሳቧ አልለቀቀኝም። መምህርቷ የእኔን ጋቢ ለብሳ ብታስተምር፣ ይቺ ሴት ምን ልታለብሳት ነው? ልጇስ ያንን ጋቢ እያየች ምን ትላለች? ቅያሜዬ እዚያው ዳገት ላይ ለቀቀኝ።

ሳይጠሩኝ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩና ሁለት አስተማሪዎች ተቀምጠዋል፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዟል፣ እሷ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታለች።

"ያለበስኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷ አወለቀችው እንጂ አልተቀበለችም። ቃሉም የእኔ፣ የአባቴ ቤት ቃል ነው። ወደ ጉቦ መዞሩን የነገረኝ አልነበረም።"

ጸሐፊው "እማማ፣ ሕጉ እኮ ስሙን ሳይሆን ነገሩን ነው የሚከለክለው" አለኝ።

"እውነትህን ነው። ሕጉም ደግ ሕግ ነው፤ ባዶ እጇን ለምትመጣ እናት የቆመ ነው። እኔ አነበብኩት፣ እሷ ግን ጠበቀችው።"

ርዕሰ መምህሩ ቃሌ ይጻፍ አለ። ጸሐፊው የአሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

"እሱን አንሳና እስክሪብቶ ስጠኝ" አልኩት።

ስጽፍ ቆየሁ፤ ማንም አላቻኮለኝም። መምህርቷ አልተቀበለችም። እጅ መንሻ ያልኩ እኔ ነኝ። ጋቢው ቤቴ ነው። ከሥር ስሜን አኖርኩ። ርዕሰ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ወደ ጸሐፊው ዞረ። "ጥፋት አልተገኘባትም ብለህ ጻፍ። ወረቀቷም ዛሬውኑ ይሂድ።"

መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሯ ግን ይስቃል።

"ታዲያ ለዚች ልጅ ምንም መስጠት አልችልም ማለት ነው?" አልኩ።

"ምንም" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"ምርቃትስ?"

እርስ በርስ ተያዩ። መልሳቸውን አልጠበቅኩም፤ ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁና መረቅኋት። ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። ከሁሉ ጮክ ብሎ "አሜን!" ያለው ጸሐፊው ነበር።