የዳግማዊት እጅ

ዳግማዊት ሔሩይ በግቢያችን ተከራይ ናት። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች፣ እኔ ራሴ ድንጋዩን ጠርቤ በሠራሁት ቤት ውስጥ፣ በሩ ወደ ቧንቧው የሚያየው ክፍል የእሷ ነው። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥታ ላቦራቶሪ አጠናች። ስትመረቅ እዚሁ መቀሌ ሆስፒታል ተቀጠረችና ቀረች። ትግርኛዋ መጀመሪያ ያስቀን ነበር። አሁን ባለቤቴን እታለምን አደይ፣ እናቴ፣ እያለች ስትከራከራት የሚሰማት ሰው ከየት መጣሽ ብሎ አይጠይቃትም።

እኔ ማንበብና መጻፍ የጀመርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ያላየሁትን አሳምሬ መጻፍ አልችልም። ይህ ያየሁት ነው።

የዳግማዊት ሥራ ከሰው ደም መቅዳት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ደመወዙም መድኃኒቱም ሲቋረጥ ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲቀሩ እሷ ሳትቀር ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን በተቅማጥ ደርቆ የመጣ ሕፃን አቀረቡላት። ደም ስሩ ጠፋባት። መርፌውን ይዛ እጁን እያገላበጠች ስትፈልግ ልጁ ሞተ። ሐኪሞቹ ብታገኘውም አይተርፍም ነበር አሏት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከጦርነቱ በኋላ ሆስፒታሉ ሥራውን ሲቀጥል አልተመለሰችም። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ የሌሎችን ዲፕሎማ ስታባዛ ኖረች።

ስልኩ የተደወለው እሑድ፣ ምሳ በልተን እንደተነሣን ነው። ዳግማዊት ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥብ ነበር። አረፋውን በቀሚሷ ጠርጋ አነሣችው። "አቤት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ነገ? እሺ። እሺ።" ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ከተማው ዳር፣ ቁሓ የተከፈተው ክሊኒክ ነው። ማመልከቻ ያስገባሁት ድሮ ነው፣ ረስቼው ነበር። ነገ ጠዋት ለኢንተርቪው ነይ አሉኝ።"

እታለም እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ተወችው። "ደስ አይልም እንዴ?"

"አደይ፣ ጥያቄ ብቻ ቢሆን እመልሳለሁ። የተግባር ፈተና አለው። ፊታቸው ከሰው ደም ቅጂ ይሉኛል።" እጇን ወደ ብብቷ ከተተችው። "አልሄድም።"

እታለም እንደዚህ ያለ ነገር ስትሰማ አትከራከርም፤ ሥራ ትጀምራለች። የዳግማዊት ክፍል ገብታ ጥቁር ቀሚሷን አወጣችላት፣ የራሷን ጫማ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠች። እኔ ደግሞ ማድረግ የምችለውን አሰብኩ።

"ሂጂና ከፋርማሲ ስሪንጅ ግዢ፣" አልኳት። "ክንድ እኔ ጋ አለ።"

እታለም ከውስጥ ሳቀች። "አንተ? ለስኳር ምርመራ ጣትህን ስትወጋህ ነርሷን የተቆጣሃት ሰውዬ?"

"አልተቆጣኋትም። ቀስ በይ ነው ያልኳት።"

"ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ነው ቀስ ያለው።"

ዳግማዊት ፈገግ አለች። ይሄ ፈገግታ ነው እስከ ፋርማሲው ያደረሳት።

ብርሃን ባለበት በሩ ላይ ወንበር አወጣን። የሸሚዜን እጅጌ ጠቀለልኩ። ጓንቷን አጠለቀች፣ ላስቲኩን ከክርኔ በላይ አሰረች፣ በአልኮል ጠረገችኝ። እስከዚህ ድረስ እጇ የለመደውን ነው የሚሠራው። መርፌውን ከክዳኑ ስታወጣው ግን ጫፉ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁት። አስጠግታ መለሰችው። እንደገና አስጠጋች፣ ወጋችኝ፤ ደም አልመጣም። አውጥታ ጥጥ ያዘችበት።

"ደም ስርዎ ይሸሻል፣ አቦይ ረዘነ።"

"ስንት መከራ ሲያልፍ ከዚህ ከተማ ያልሸሸሁ ሰውዬ ነኝ፤ ዛሬ የት ይሸሻል?"

አልሳቀችም። ሌላ መርፌ ከፈተች። ዝም ብላለች፤ ትንፋሿ እንኳን አይሰማም። እውነቱን ለመናገር እኔን ያስፈራኝ መርፌው አልነበረም፤ ያ ዝምታ ነው። የአውሮፕላን ድምፅ ከሰማን በኋላ፣ ቦምቡን የት እንደሚጥል ሳናውቅ፣ ግቢው በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር። የዚያን ጊዜ ዝምታ ነው በሩ ላይ የመጣብኝ።

"ዝም አትበዪኝ፣" አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፣ እታለም ብቅ አለች።

"ምን ልበልዎት?"

"የምትሠሪውን ንገሪኝ። አንድ በአንድ ንገሪኝ።"

ወደ ላስቲኩ ተመለሰች። ከዚያ ከጉሮሮዋ ውስጥ ጀመረች። "አሁን ላስቲኩን እያጠበቅኩ ነው። ትንሽ ይይዝዎታል። አሁን በጣቴ ደም ስርዎን እየፈለግኩ ነው። ይኸው፣ እዚህ አለ፣ ጎበዝ። ይጨብጡ። አሁን ትንሽ ይቆነጥጥዎታል።" ቆነጠጠኝም። ወደ ታች ሳይ ስሪንጁ ውስጥ ደሜ ገብቷል።

እሷም እንደ እኔ ታየዋለች። "ድሮ እንዲህ እያወራሁ ነበር የምሠራው፣" አለች። "ለሁሉም ሰው አወራ ነበር። ከዚያ ልጅ በኋላ ምን ብዬ ላውራ?"

ጥጡን ክንዴ ላይ ጫንኩ። እታለም ወንበሬን ቀማችኝና የራሷን ክንድ ዘረጋች፤ አንድ ጊዜ ተሳካ ብላ ልትለቃት አልፈለገችም። ይህ ስሕተት ነበር። ዳግማዊት እያወራች ጀመረች፣ መሐል ላይ ድምፅዋ ቆመ፣ እጇም ተንቀጠቀጠ፣ የእታለም ክንድ ላይ እብጠት ወጣ። ስሪንጁም አለቀ። ፋርማሲውም በዚያ ሰዓት ዘግቶ ነበር። ዳግማዊት የተጠቀመችበትን ሁሉ ሰብስባ ወደ ክፍሏ ገባች፤ እራት ብንጠራትም አልወጣችም።

በማግስቱ የጎረቤታችን የሀሰን ባጃጅ በር ላይ ሲቆም ዳግማዊት ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳ፣ የእታለምን ጫማ አድርጋ ወጣች። ብቻዬን እሄዳለሁ አለች፤ እኔም ቁሓ የምጠይቀው ሰው አለኝ ብዬ ገባሁ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። የቁሓን ዳገት ስንጀምር የሀሰንን ትከሻ ነካች።

"ሀሰን፣ መልሰን።"

"እህቴ፣" አለ ዞር ሳይል፣ "ይቺ ባጃጅ ይሄን ዳገት በቀን ሁለቴ አትወጣም። ዛሬ ከመለስኩሽ እንግዲህ ነገ ነው።"

ፋይሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እኔ ደግሞ ዝም ያለች ቁጥር እጇን እመለከታለሁ።

ክሊኒኩ አዲስ ቀለም ይሸታል። አግዳሚው ላይ ክራባት ያሰሩ ሁለት ወጣቶች ቀድመውን ተቀምጠዋል። እነሱ ገብተው ወጡ። በመጨረሻ ዳግማዊት ተጠራች። ጥያቄው ረዘመ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ ደህና ትመልሳለች። ልቤ ማረፍ ሲጀምር አንዲት እናት ሕፃን ልጅ አቅፋ ገባች። ልጅቷ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በትኩሳት ፊቷ ቀልቷል። ዶክተር ኣባዲ የሚሏቸው ቀጭን ሰው ወጥተው ግንባሯን ዳሰሱ።

"የደም ምርመራ ያስፈልጋታል፣" አሉ ለነርሷ። "ውስጥ ያለችው ተፈታኝ ትቅዳላት፤ እኛም እናያታለን።"

ተነሥቼ ቆምኩ። ሕፃን አይሁንባት፣ ሌላ ሰው ስጧት፣ ከፈለጋችሁ የእኔን ክንድ ውሰዱ ልል ነበር። ግን ይህን ብናገር ለምን ብለው ይጠይቁኛል። ከመለስኩላቸው ሥራውን ያስቀረሁባት እኔው ነኝ። ከተውኩት ደግሞ ያ ቀን ሊደገምባት ነው። ነርሷ "አባባ፣ ምን ፈለጉ?" አለችኝ። "ምንም፣" አልኳትና ተቀመጥኩ። ከዚያ የከበደ ቃል በዕድሜዬ የተናገርኩ አይመስለኝም።

ልጅቷን ያስገቡበትን ክፍል ከእኔ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ሥር የእታለም ጫማ ይታየኛል። አይንቀሳቀስም። ልጅቷ ታለቅሳለች። ጫማው አሁንም አይንቀሳቀስም። አንድ ሰው አሳለ። ዝምታው መጣ። የመቀመጫውን ብረት ጨብጬ፣ ተናገሪ፣ እባክሽ ተናገሪ እል ነበር፤ በሆዴ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን አንደኛው ባለ ክራባት ዞሮ አየኝ።

"ስምሽ ማነው?" አለ የዳግማዊት ድምፅ። ቀጭን ነበር።

ልጅቷ እያለቀሰች "ኣሪያም" አለች።

"ኣሪያም፣ አሁን ይሄን ላስቲክ እንደ አምባር አደርግልሻለሁ። አየሽ? አሁን በጣቴ ደም ስርሽን እየፈለግኩ ነው። ተደብቋል። እዚህ የለም። እዚህም የለም።" ቆመች። "ይኸው፣ አገኘሁት። አሁን ትንሽ ይቆነጥጥሻል፣ እማዬን ያዣት።"

ልጅቷ ጮኸች። እናትየዋ "ኣጆኺ ጓለይ፣ ኣጆኺ" አለች፤ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ዳግማዊት "ጨረስን" ስትል ሰማሁ፤ ጫማውም ተንቀሳቀሰ።

ወጣችና ባጃጁ ውስጥ ገባን። እሷ ናት የጀመረችው።

"ዶክተሩ ስትቀጂ ለምን ታወሪያለሽ አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ዝም ካልኩ እጄ ይንቀጠቀጣል አልኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት።"

ሀሰን በመስታወቱ አየኝ። "ምን ነካሽ ልጄ?" አልኳት። "ይሄ ይነገራል?"

"ጠየቀኝ እኮ፣ አቦይ። ለሕፃን መርፌ የምይዝ ሰው ልዋሽ?"

"እሺ፣ መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?"

"እንደውልልሻለን።"

በዚህ ከተማ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሀሰን እንኳን ቀልዱን ትቶ መንገዱን ያዘ።

ወደ ፎቶ ኮፒው ተመለሰች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ግቢው ቀጥ ይላል፤ አንድ ጊዜ እናቷ ከደብረ ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በስሕተት የደወለ ሰው። ያለ ወትሮዋ ሥራ ታበዛለች፣ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። መርፌው ክንዴ ላይ የተወው ሰማያዊ ምልክት ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ሳለች ስልኳ ጠራ። ቁጥሩን አየችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አቦይ፣ እርስዎ ያንሡት። እኔ አልችልም።"

ጉሮሮዬን ጠርጌ አነሣሁ። "ሀሎ። የዳግማዊት ስልክ ነው። ረዘነ እባላለሁ፣ ጎረቤቷ ነኝ።"

የሴት ድምፅ ነው፤ ቸኩላለች። "ከክሊኒኩ ነው፣ አባባ። ዕቃ እያዘዝን ስለሆነ ነው፤ የጓንቷ ልክ የትኛው ነው?"

ተናደድኩ። ሰው ፍርዱን እየጠበቀ ይህቺ ስለ ጓንት ታወራለች። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ፣ "የጓንትሽ ልክ ይላሉ። ትልቅ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ትንሽ?" አልኳት።

ዳግማዊት እርጥብ አንሶላ ይዛ ነበር። ነገሩ ከእኔ በፊት ለእሷ ገባት፤ ጓንት የሚታዘዘው ለተቀጠረ ሰው ነው። ውኃው እግሯ ላይ ባለው የእታለም ጫማ ላይ ሲወርድ አላስተዋለችውም።

"ትንሹ፣" አለች፤ በደንብ አልተሰማኝም ነበርና ደገመችልኝ። "ትንሹ ነው በሏቸው።"

"ትንሹን ነው የምታደርገው፣" አልኩ ለሴትዮዋ። እኔም ደገምኩት።

እታለም ከውስጥ ማነው እያለች ትጣራለች። የዳግማዊት እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብብቷ ውስጥ አልደበቀችውም፤ ታየው ጀመር።

"አሁን አንሶላውን እየጨመቅኩ ነው፣" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ደግሞ አሰጣዋለሁ።" ለእኔ ትንገር ለእጇ አላወቅኩም።