ዜታ ያለፈችበት ምሽት

ቴሜሊስ ኩሊያኖስ ሰማይን የሚያየው አንገቱን ደፍቶ ነበር። የግሪክ ጠላቂዎች በሰፈሩባት በታርፖን ስፕሪንግስ የሰፍነግ ወደብ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የወደቡ አባቶች ከጀልባ ጠርዝ ላይ ተደፍተው፣ ሥሩ መስታወት የሆነ ባልዲ ውሃው ላይ አስደግፈው፣ ከባሕሩ ወለል ሰፍነግ ሲፈልጉ ኖረዋል። ሩሲያውያን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ካመጠቁ ወዲህ እንዲህ ያሉ ጨረቃዎች ሲያልፉ ለሚመዘግቡ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች የሚሰጠው አጭር የሩቅ ማያ መነጽርም ከዚያ ባልዲ እምብዛም አይለይም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ሰማዩን የሚያንጸባርቅ መስታወት አለው፤ ተመልካቹ ተቀምጦ ቁልቁል ሲያይ የሰማዩ ቁራሽ ከነከዋክብቱ ከዓይኑ ሥር ይደርስለታል።

መቀመጡ ለቴሜሊስ ትልቅ ነገር ነበር። በወጣትነቱ ጠላቂ ነበር። አንድ ቀን ከጥልቁ በችኮላ ሳቡትና የጠላቂዎች በሽታ ሁለቱንም እግሮቹን ያዘ። ከዚያ ወዲህ በሰፍነግ መጋዘን ተቀምጦ በመቀስ ሰፍነግ ያስተካክላል፤ እሑድ እሑድ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ክራንቹን ተደግፎ ያዜማል። በየሄደበት ሌላው ሲቆም እርሱ ይቀመጣል፤ በዚህም ሰዎች ሲያዝኑለት ያያል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ባለው ሜዳ፣ በመነጽሮቹ ጠረጴዛ ዘንድ ግን ሁሉም ተቀማጭ ነው፤ የሚያዝንለትም የለም።

ሌላም ደስታ ነበረው። ሊቃውንቱ ለእነዚያ ጨረቃዎች ስም ሲያወጡ የግሪክን ፊደል መርጠው ነበር። በየዓመቱ መጀመሪያ የምትወጣው አልፋ፣ ቀጥሎ ቤታ፣ ቀጥሎ ጋማ ትባላለች። ከአንድ መምጠቅ ብዙ አካል ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ የሚያበራው አንደኛ ይባላል። በዚህ ሥርዓት ዓለም የተደነቀባት የሩሲያ ኳስ አልፋ ሁለት ስትባል፣ እርሷን ተሸክሞ የወጣው ባዶ ሮኬት ስለሚያበራ ብቻ አልፋ አንድ ተብሏል።

«ጌታችን ‹አልፋና ዖሜጋ እኔ ነኝ› ብሏል» ትለው ነበር ሚስቱ ካሎቲና። «አሁን ደግሞ የከሃዲዎች ብረት አልፋ ተባለ። አንተም ደስ ብሎህ ልታየው ትሄዳለህ።»

«አላመልከው እኮ! ሲያልፍ አየዋለሁ እንጂ።»

«እሺ፣ ዓሣህን ብላ፤ ቀዘቀዘ።»

የጠባቂዎቹ አለቃ የፊዚክስ መምህሩ ዴልበርት ፕሩት ነበር፤ ቀጭን፣ ትሑትና ችኩል ሰው። ፊደሎቹን በተራቸው መያዝ ስላቃተው በካርዶች ላይ በቁጥር ብቻ ይጽፍ ነበር፤ አንደኛዋ በዚህ ሰዓት በዚህ አቅጣጫ፣ ሁለተኛዋ በዚያ እያለ። «አቶ ቴሜሊስ፣ ስለ ፊደላችሁ ይቅር በለኝ፤ ምላሴ እንቢ ይለኛል» ይላል። ቴሜሊስም እየሳቀ ይቅር ይለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መከር ላይ ነገሩ ከበደ። ሳምንት በሳምንት ላይ ደመና ሆነ። ከሰሜን፣ ምልከታዎች ከሚሰበሰቡበት ማዕከል፣ ደብዳቤ መጣ። ፕሩት ቆሞ አነበበላቸው፤ ጣቢያው ለወራት የተረጋገጠ ምልከታ አላከም፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ አንድ እንኳ ካልላከ መነጽሮቹ ተወስደው ለሌላ ከተማ ይሰጣሉ። ሌሎቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ቴሜሊስ ግን የመነጽሩን ጠርዝ በመዳፉ ሸፍኖ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ሁሉ ደመና በኋላ አንድ ቀን የሰሜን ነፋስ ነፈሰና ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሁሉም በሜዳው ተገኙ። ካፒቴን ሳኬላሪስም መጣ፤ የቴሜሊስ የጀልባ ባልደረባ የነበረና ማላገጥ የሚወድ ሽማግሌ ነው።

«አንተ ኮከብ ቆጣሪ! ዛሬስ ምን ታጠምዳለህ?»

«አንተ ከቆምክበት ምንም አይጠመድም። ወደ አጥሩ ሂድልኝ።»

በዚህ መካከል በመሣሪያ ቤቱ ያለው ስልክ ጮኸ። ፕሩት አቅጣጫ የሚለይበትን ምሰሶ ሲያቀና ስለነበር፣ ለበሩ የቀረበው ቴሜሊስ በክራንቹ ሄዶ ስልኩን አነሳ። ከማዕከሉ አንዲት ወጣት ነበረች።

«ዛሬ የምንፈልገው የዚህን ዓመት ዜታ ብቻ ነው። መንገዷ ተዛብቶ ጠፍታብናለች። ሌሎቹን ተዉአቸው።»

«ዜታ። ገባኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ሜዳው ጮኸ፦ «መምህር! ሰባተኛዋን!»

ፕሩት ካርዶቹን ገለጠና ፊቱ ተኮማተረ። «ሰባተኛዋን? እሷ እኮ በጣም ደብዛዛ ናት። በዚህ መነጽር አንድ ቀንም አይተናት አናውቅም።»

«የታዘዝኩት ይህንኑ ነው። ጠፍታባቸዋለች አሉ።»

«በሉ እንግዲህ፤ ሁላችሁም ወደ ደቡብ!»

መነጽሮቹ ሁሉ ወደ ደቡብ ዞሩ። ቴሜሊስ አማተበና አንገቱን ደፋ። ከመነጽሩ ሥር ሰማዩ እንደ ጥልቅ ባሕር ተዘረጋለት። ከዋክብት ነበሩ፤ የምትንቀሳቀስ ግን የለችም። ዓይኑ እስኪያነባ አየ። «አቤቱ፣ አንዲት ብቻ» አለ በልቡ።

ካፒቴኑ ከአጥሩ ዘንድ ጮኸ። «ኧረ ያ ምንድን ነው? በሰሜን በኩል የሚሄደው!»

«ዝም በል!» አለው ቴሜሊስ፣ ቀና ሳይል።

«አውሮፕላን ነው እንዳልል ድምፅ የለው። ኧረ እዩት፣ እንደ ወደብ መብራት ያበራል!»

«ካፒቴን፣ እባክዎ!» አለ ፕሩት። «በዚህ ሰዓት ዓይናችንን ካነሳን እናጣታለን።»

ማንም ዓይኑን አላነሳም። ካፒቴኑም እያጉረመረመ የብርሃኑን ነጥብ እስከ መጨረሻው በዓይኑ ሸኘው።

ከጨለመ በኋላ ፕሩት ባዶ እጁን ወደ ስልኩ ሄደ። ሲመለስ በቴሜሊስ ፊት ቆመና በስልክ እንደ ነገሩት ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። «አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ፣ ኤፕሲሎን፣ ዜታ። ስድስት። አቶ ቴሜሊስ፣ ዜታ ስድስተኛዋ ናት። የጎረቤት ከተማ ሰዎች በሰሜን ስታልፍ አይተዋታል።»

«ስድስተኛውን የት ጣልከው?»

«የቱን ስድስተኛ?»

ቴሜሊስ በክራንቹ ጫፍ አሸዋው ላይ አንድ ቆልማማ ምልክት ጻፈ። «ይህን። ስቲግማን። በቤተ ክርስቲያን በፊደል ስንቆጥር ከኤፕሲሎን ቀጥሎ ስድስት ይህ ነው፤ ዜታ ሰባት ነው። የዜማው መጽሐፍ፣ የመዝሙረ ዳዊቱ ምዕራፍ፣ ሁሉም የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የቆጠርኩት እንዲህ ነው።»

«በፊደል ገበታው ላይ የለም እኮ።»

«በፊደል ገበታው ላይማ የለም! ለቁጥር ብቻ የቀረ ነው። ይህን ማን አያውቅም?»

ፕሩት ምልክቱን ትኩር ብሎ አየው። ቁጣው ፊቱ ላይ መጣ፤ የሚያርፍበትን ስላጣ ተመልሶ ሄደ። «ምነው ‹ዜታ› ብቻ ብለኸኝ በነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተስ ምነው ፊደሉን ካርዱ ላይ ጽፈኸው በነበር!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ያ ነበር ይበልጥ ያበገናቸው። ካፒቴን ሳኬላሪስ ከአጥሩ መጣ። «እንግዲህ ይህ ሁሉ የተማረ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ያየኋት እኔ መሃይሙ ነኛ?» ብሎ ሊስቅ ጀመረ፤ የቴሜሊስን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

ቴሜሊስ ጥፋቱን በሌላ ሰው አፍ ማስነገር ስላልፈለገ ራሱ ስልኩን ያዘ። ለወጣቲቱ ነገሩን ከሥሩ አስረዳት፤ ስለ ስቲግማ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር፣ ካፒቴኑም በዓይኑ እንዳያት።

«በስንት ሰዓት አዩአት? በየትኞቹ ከዋክብት መካከል?»

ወደ ሜዳው ዞሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ። «እዚያ ጋ ነዋ! ከዛፉ በላይ!»

«ሰዓቱና ቦታው ከሌለ ምልከታ አይባልም፣ ጌታዬ» አለች ልጅቱ፤ በትሕትና ነበር የተናገረችው። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ደመናው ተመልሶ እስከ ኅዳር መጨረሻ አልገለጠም። መነጽሮቹ ሲጫኑ መስታወታቸው እንዳይሰበር ቴሜሊስ ከመጋዘኑ ለስላሳ ሰፍነግ አምጥቶ በራሱ እጅ ጠቀለላቸው። የራሱን መነጽር ሲጠቀልል ሰፍነጉን ሦስት ጊዜ ቀየረ፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ እርጥብ ሆነበት። ፕሩት እየተቀበለ ወደ ሳጥን ያስገባቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሩት መኪና የሚያጥብበት ሰፍነግ ሊገዛ ወደ መጋዘኑ መጣ።

«ሰማህ፣ አቶ ቴሜሊስ? ጨረቃዎቹ በዙና ፊደሉ አልበቃ አለ። አልፋ አልፋ፣ ቤታ አልፋ እያሉ ደራርበውትም አልሆነም። ዘንድሮ ፊደላችሁን ትተውታል። በቁጥር ሆኗል።»

የቴሜሊስ መቀስ ቆመ። «በቁጥር?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ።»

«አሁን? አሁን ነው መቁጠር የሚጀምሩት?» አለና በእጁ ያለውን ደህና ሰፍነግ ከመሐሉ ቆረጠው። የተቆረጠውን አይቶ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ፕሩት የፈለገውን ሰፍነግ ሳይገዛ ወጣ።

በዚያ ቀን ምሽት ቴሜሊስ በግቢው፣ ካሎቲና ሰፍነግ በምታጥብበት ሰፊ ገንዳ አጠገብ ተቀመጠ። ነፋስ አልነበረም፤ ውሃው ረግቷል። ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ አንገቱን ደፋ። የማታ ከዋክብት አንድ በአንድ ከውሃው ሥር ወጡ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ብሩህ ነጥብ ከገንዳው ጠርዝ ገባችና በጸጥታ፣ ሳትቸኩል፣ በከዋክብቱ መካከል አለፈች።

«ካሎቲና! ነይ ቶሎ!»

እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች፤ ከጎኑም ተደፍታ አየች። «ኪርዬ ኤሌይሶን! ይቺ ናት እንዴ? ማን ትባላለች?»

ቴሜሊስ ፊደል ሊጠራ ጀመረና ፊደሉ እንደ ቀረ ትዝ አለው። ነጥቧ ወደ ወዲያኛው ጠርዝ ተጠጋች።

«እኔ ምን አውቄ!» አለ በንዴት፣ የገንዳውን ጎን በመዳፉ መትቶ። ውሃው ተናወጠና ከዋክብቱ ሁሉ ተበታተኑ። ረግቶ ሲመለስ ነጥቧ አልነበረችም። ካሎቲና ክራንቹን አነሳችለት፤ እርሱ ግን ወዲያው አልተቀበላትም።