የጋራ ግድግዳችን ባለ ረጃጅም እግሮች

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ዘይነብ የልጇን አንገት ገልጣ ውሃ የቋጠረውን ቁስል ካሳየችኝ በኋላ፣ በሌላ እጇ የያዘችውን የተባይ መርጫ ወደ ጋራ የድንጋይ ግድግዳችን አዞረች።

«ሸረሪት ሸንቶባት ነው፤ የሚመጣውም ከእርስዎ በኩል ነው።»

እኔም፣ ክረምቱን ሁሉ ስመለከታቸው የከረምኩ ሽማግሌ ነኝና፣ እነዚያ የከተማችንን የቆቦን ሙቀት ሸሽተው ከድንጋዩ እርጥበት የተጠጉ፣ እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ ፍጥረታት ሸረሪት እንዳልሆኑ፣ ድር እንደማያደሩ፣ መርዝም እንደሌላቸው፣ ደግሞም አንደኛው ግራጫ፣ ሌላው ጀርባው እሾሃማ የሆነ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን በዝርዝር አስረዳኋት።

«አያ፣ ወላሂ፣ እግሩ ስለረዘመ ሽንቱ ይቀራል?»

በልጅ ቁስል ፊት ሙግት አያዋጣም፤ ለሙግት የሚተርፍ ጉልበትም የለኝም። ከግድግዳው ፈቀቅ አልኩላት፤ እሷም ረጨች።

(ልጅቱን ጤና ጣቢያ ውሰጃት ያልኩት ምክር፣ መርጫው ካለቀ በኋላ፣ ተቀባይነት አግኝቷል።)

ከሰዓት በኋላ የረገፉትን ስጠርግ፣ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ወድቆ፣ ፈጽሞ አይቼው የማላውቀው፣ ሆዱ የቀላ ሦስተኛ ዓይነት አገኘሁ። አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖረን፣ የተዋወቅነው መጥረጊያ ላይ ነው።

እናንተስ፣ መኖሩን ያወቃችሁት ከጠፋ በኋላ የሆነ ጎረቤት አላችሁ?