በትከሻ የተስተካከለ ካርቡሬተር

ካርቡሬተር በጆሮ ነው የሚስተካከለው ይላሉ። መካኒኩም ይላል፤ ሞተር ሳይክል ነድቶ የማያውቀውም ይላል። አይደለም። እኔ በዓይኔ ያየሁት በትከሻ ሲስተካከል ነው። የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ መካነ ሰላም ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ለሞተር ፍቅር ስላለኝ አይደለም። በሁለት ጎማ ራሱን ለመድፋት የሚቸኩል ሰው ገብቶኝ አያውቅም።

ሞተሯ የጋሽ ይመር ናት። ጋሽ ይመር የአክስቴ የዘሃራ ባል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከብት ሐኪም ሆነው በወሎ ቦረና ገጠር ሲዞሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዛሬም ላም ምጥ ሲጠናባት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ችግሩ ጆሯቸው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጨርሶ ተዘግቷል። ሞተሯ መነሳቷን እንኳ የሚያውቁት እጃቸውን አሳርፈውባት ነው።

ልጃቸው ሰአዳ እንደ እኔ ደሴ ነው የምትኖረው። የማይሰሙ አባቷ በመኪና መሀል ሞተር ሲነዱ እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች። ደውላ፣ አንተን ያከብሩሃል፣ መጽሐፍ ያነበብክ ሰው ነህ፣ ሂድና ሞተሯን እንዲሸጡ አሳምንልኝ አለችኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሽማግሌ ያሳምናል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ ያነበብኩትን ሁሉ አንብቤ ሚስቴን እንኳ አሳምኜ አላውቅም። ቢሆንም እሺ አልኩ።

መምጣቴን የሰማችው አክስቴ ደግሞ በማግስቱ ደወለች። የሞተሯ ካርቡሬተር ተሰንጥቆ ቤንዚኑን መሬት ላይ ይጨርሰዋል፤ ሌላ ይዘህ ና አለችኝ። ከኋላዋ ጋሽ ይመር እንደማይሰማ ሰው ይጮሃሉ፦ "አፈ ጠባቡን በይው! ጠባቡን!"

ደሴ ያለ አንድ መለዋወጫ ሻጭ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አፈ ሰፊ። ሌላው ያገለገለ፣ አፈ ጠባብ። ሁሉም ሰው ሰፊውን ነው የሚወስደው፣ ብዙ ቤንዚን ካስገባ ብዙ ጉልበት ይሰጣል ብሎ አስረዳኝ። ጠባቡን ስጠኝ ስለው በሀዘን አየኝ። ኮምቦልቻ እያለሁ ራሴ ሞተር ላይ አስሬ አስተካክዬዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ ጠቀለለልኝ። እንዲህ ሆኜ የሞተሯን መድኃኒትም የሞት ፍርዷንም አንድ ላይ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ አቀስታ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴን በላው።

ጋሽ ይመር ካርቡሬተሩን ገና ሳይጨብጡኝ ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት፣ በሰፊው ፋንታ ጠባቡን በማምጣቴ ደስ ብሏቸው፣ "ሰፊውንማ ምን አደርገዋለሁ፤ ሽማግሌን በጭልፋ ታጎርሳለህ?" አሉ። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ራሳቸው አሰሩት። ሞተሯ ስትነሳ ግን ሳለች፣ አነቃት፣ ጥቁር ጭሷን ግቢው ሙሉ ለቀቀችው። ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ።

ሥራዬ ራሱ በራሱ እየተሠራልኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። አሁን ነው መናገር። አፌን ስከፍት ትዝ አለኝ፤ ሰውየው አይሰሙም። ለእሳቸው የሚነገር ነገር ሁሉ በአክስቴ በኩል ነው የሚያልፈው። ጆሯቸው ስር ተጠግታ ስትናገር ምን እንዳለች ይገባቸዋል፤ የሌላውን ጩኸት አይለዩትም። ስለዚህ መልእክቱን ለእሷ ነገርኳት።

አክስቴ ረጋ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ይሄን እኔ አልነግረውም። ራስህ ጩህበት፤ ጎረቤቱም አብሮ ይስማህ" አለችኝ።

አልጮህኩም። መጮህም አላስፈለገም። ጋሽ ይመር ፊታችንን አይተው ጨርሰውታል። "ሰአዳ ናት የላከችህ" አሉ። አልተቆጡም። ካቻቪቴያቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ፍርዱን ራሳቸው ሰጡ፦ "ሞተሯ ዘሃራን ከኋላዬ ይዛ ከከተማው መውጫ ያለውን ዳገት ከወጣች ትቀራለች። ካልወጣች ነገ ጭነሃት ሂድ። ለብቻዬ የምሄድባት ከሆነ አልፈልጋትም።"

ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ ተመለሱ። ሻጩ ኮምቦልቻ ላይ አስተካክዬዋለሁ ማለቱን ለአክስቴ ነገርኳት፤ እሷም ጆሯቸው ስር አደረሰችላቸው። ሥራው አየርና ቤንዚን መቀላቀል ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ይሄ የቆላ ሰው ግን ኮምቦልቻ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይጠጣል አሉ፣ ስለ አንድ ወፍራም እንግዳ የሚያወሩ ይመስል። ከፍተው ቤንዚኑን የምታሳልፈውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረጓት። ሞተሯን አስነሱ። ጭሱ ቀነሰ፤ ሳሉ አልተዋትም። የቀረችው ከጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ናት። እሷን እያዞሩ ድምፁ የሚጠራበትን ቦታ መፈለግ ነው። በጆሮ ማለት ነው።

ጋሽ ይመር ተንበረከኩ። አክስቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገፍፋ ከኋላቸው ቆመች፤ ቀኝ እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ብሎኗን ቀስ ብለው ማዞር ጀመሩ።

ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ ጣቶቿ ትከሻቸውን ይጫናሉ። ሲወፍርና ሲያንቀው ይነሳሉ። እሳቸው ልኩን ያልፋሉ፣ ጣቶቿ ይነሳሉ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። አንዴ ሳላስበው፣ አሁን ደህና ይመስላል አልኩ።

"ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ድምፁ ጠራ። መላ መዳፏ ትከሻቸው ላይ ተኛ። እጃቸው ቆመ።

ይሄን መቼ ጀመራችሁ ብዬ ጠየቅኳት። ጆሮው የሄደ ጊዜ መሣሪያውን ሁሉ ጠቅልሎ አልጋ ስር ከተተው፣ ወላሂ ሰውየው ራሱም አብሮ ሊገባ ነበር አለችኝ። "የኔ ጆሮ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ በሱ ሥራበት አልኩት።" ከዚያ ወዲህ ላም ለማየት ሲሄዱ አብራ ትሄዳለች። የከብቱ ባለቤት የሚናገረውን እሷ ሰምታ ለእሳቸው ታደርሳለች። እሷ ከሌለች እሳቸው ሐኪም አይደሉም። ሞተሯ ከሌለች ደግሞ ሁለቱም የትም አይደርሱም። ሰአዳ ይሸጥ ያለችው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እነሱ በሞተሯ፣ እኔ በባጃጅ ሆነን ወጣን። ከተማው መጨረሻ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከኋላቸው ጥሩንባውን ለቀቀው። አክስቴ ቀኝ ትከሻቸውን አንዴ መታ አደረገች። ጋሽ ይመር ወደ ዳር ወጡ። መኪናው አለፈ። ሁለቴ መታ አደረገች፤ ወደ መንገዱ ተመለሱ። እንዲህ ጠንቅቆ የሚሰማ ሹፌር ሁለት ጆሮ ካላቸው መሀል አላጋጠመኝም።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ሞተሯ ደከመች። ተንተባተበች። እንደ እግር መንገደኛ መሄድ ጀመረች። ባለባጃጁ አንገቱን አውጥቶ፣ "እማማ ይውረዱላትና ትውጣ እንጂ! ምስኪን ናት!" አለ።

አክስቴ ዞር እንኳ ሳትል፣ "ብወርድ ማን ይሰማለታል?" አለችው።

ጋሽ ይመር ፍሬኑን ይዘው ቆሙ። ሞተሯ እንደተነሳች ናት። ካቻቪቴውን ከኪሳቸው አውጥተው ጎንበስ አሉ፤ የአክስቴ እጅ ትከሻቸው ላይ ነው። እኔ፣ ላሳምን የመጣሁት ሰውዬ፣ የባጃጁን ብረት ጨብጬ "ያረቢ" እያልኩ ነበር። ብሎኗ የዞረችው ለዓይን የማይታይ ያህል ነው። መዳፏ ተኛ። ማርሽ አስገቡ። ሞተሯ ሳትስል፣ ሳትቸኩል፣ ሁለቱንም ይዛ ዳገቱን ወጣች።

ባለባጃጁ እንባዬን አይቶ አቧራ ነው ወይ አለኝ። አቧራ ነው አልኩት። መንገዱ ደግነቱ አቧራ አያጣም።

ማታ ለሰአዳ ደወልኩ። ተስማሙ ወይ አለችኝ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። በሳምንቱ ሁለት የራስ ቁር ገዝታ ላከች። ጋሽ ይመር የራሳቸውን ወዲያው አጠለቁ። አክስቴ ግን ሞክራው አውልቃ መለሰችው። "ጆሮዬን ከሸፈነው እሱ በምን ይሰማል?" ሰአዳ መርካቶ ድረስ ሰው ልካ ጆሮ የማይሸፍን ፈልጋ አስመጣችላት። አሁን እሱን አድርጋ ነው የምትሄደው።

እኔ ዛሬም ሞተር አልወድም። ዛሬም ማንንም አላሳመንኩም። ማታ ማታ ግን ሚስቴ ስትናገር ጋዜጣዬን ዝቅ አደርጋለሁ።

እናንተ መኪና የምትነዱ፣ በዚያ መንገድ ሁለት አዛውንቶች የያዘች አሮጌ ቀይ ሞተር ከፊታችሁ ካያችሁ ጥሩንባችሁን አንዴ ብቻ ንፉ። ከዚያ እጃችሁን ከጥሩንባው አንሱና ጠብቁ። እሷ ትነግራቸዋለች።