የአባቴ ዝምታ በለሜሳ ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ውስጥ የምንኖረው ኦቦ ቱሉ በሚባሉ ገበሬ ግቢ ነበር፤ እሳቸው ከሚስታቸው ከአዴ ዲንቄ ጋር በትልቁ ቤት፣ እኛ ደግሞ ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል የጭቃ ቤት በኪራይ። አባቴ ማርቆስ ሥራ ፍለጋ ከከምባታ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ባለው የክር ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ነው። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ቀድሞ የኦቦ ቱሉ የጤፍ ማሳ ነበር። ይህን ግቢው ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበርና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኦቦ ቱሉ በግቢው መሃል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያነዱና «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጃቸው ለሜሳ የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ እያገላበጠ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የእናቴ ፋኖስ በራችን ላይ እየተወዛወዘ፣ ተረት ይጀምራሉ፤ አማርኛው ሲያጥራቸው ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ፣ ለሜሳ ይተረጉምልኛል። ተረታቸው ጨካኝ ነበር። አህያ ሞታ ልጆቿ ለቅሶ ተቀምጠው ሳለ ጅብ መጣ፤ ከዘመድ ሁሉ አብልጦ አለቀሰ፣ ደረቱን ደቃ። ልጆቿ ልባቸው ተነክቶ «እናታችንን ይህን ያህል ትወዳት ኖሯል?» ቢሉት፣ «ምን መውደድ፣ ሳልቀምሳት መቀበሯ ነው እንጂ» አላቸው። ለሜሳ ከት ብሎ ይስቃል። እኔ ግን ለአህያዋ ልጆች እያዘንኩ እተኛ ነበር።

አባቴ በራፋችን ላይ ተቀምጦ ይሰማል። በቤተ ክርስቲያናችን እያንዳንዱ አማኝ በዓመቱ ውስጥ አንድ ሰው ወደ ጌታ እንዲያመጣ ተነግሮ ነበርና የአባቴ ድርሻ ኦቦ ቱሉ ሆኑ። አባቴ ደግሞ ሲናገር የሚንተባተብ፣ አገልግሎቱም እሑድ እሑድ ወንበር መደርደር የሆነ ሰው ነው። አንዳንድ ምሽት ጉሮሮውን ይጠርግና «ኦቦ ቱሉ…» ይላል።

«አቤት ማርቆስ፣ ዛሬ ልትጀምር ነው?» ይሉታል እየሳቁ።

«የለም፣ እንዲያው… በቆሎው ይጣፍጣል ለማለት ነው።»

እናቴ ውስጥ ሆና ታፍርበታለች።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወደ እኛም ይመጣል የሚባለው ወሬ ሲበረታ ያ ምሽት እየቀዘቀዘ ሄደ። ቀያሾች መጥተው ለኦቦ ቱሉ በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ችካል ተከሉ። የመሰናዶ ተማሪ የነበረው ለሜሳ ከእሳቱ ዳር መቀመጡን ተወ። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር አስፋልቱን በድንጋይ ዘጉ፤ ወታደሮች መጡ፤ ተኩሱን እኔና እናቴ አልጋ ሥር ተጠግተን ሰማን።

ለሜሳ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ወደቀ። ሬሳውን ሊያነሳ የተጠጋ ሁሉ ይተኮስበት ስለነበር ሰው ሁሉ ሸሸ። አባቴ ያን ሰዓት ከሥራ እየወጣ ነበር፤ የፋብሪካውን ሰማያዊ ቱታ እንደለበሰ ነው። ወታደሮቹ እንዴት እንዳሳለፉት ያኔ አላወቅንም። እኛ ያየነው፣ ለሜሳን በሲሚንቶ ጋሪ እየገፋ በግቢው በር ሲገባ ነው። የአባቴ አገጭ ወደ አንድ ጎን ዞሯል፣ ከአፉ ደም ይንጠባጠባል። ኦቦ ቱሉ ልጃቸውን አዩ፣ ጋሪውን አዩ፣ ቱታውንም አዩ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄን» ብለው መሬት ላይ ተደፉ።

በለቅሶው አባቴ ድንኳን ተከለ፣ ውኃ ቀዳ፣ ማታ ከኦቦ ቱሉ ጎን መሬት ላይ ይቀመጣል። አገጩ ስላበጠ ሾርባ እንኳ በግድ ነበር የሚውጠው። ከቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊው ከሁለት ወንድሞች ጋር መጣ። ጎንበስ ብሎ አጽናና፣ እንባውንም አፈሰሰ፤ ቀጥሎ ግን ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣

«አባባ፣ ልጅዎ ጌታን ተቀብሎ ነበር?» አላቸው።

ኦቦ ቱሉ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «በአርባ ቀኑ አስጠምቄዋለሁ።»

«እሱማ ለመዳን አይበቃም፣ አባባ። እርስዎ ግን ዛሬ ዕድል አለዎት።»

ጅቡ ትዝ አለኝና የአባቴን ቱታ ጨምድጄ ያዝኩ። አባቴ ተነስቶ ወንጌላዊውን በክንዱ ይዞ ወደ እኛ ክፍል አስገባው። እኔም ተከተልኩ።

«ወንድም ማርቆስ፣ የሰውዬው ልብ እኮ ተሰብሯል፤ ጌታ በሩን ከፍቶልሃል» አለ ወንጌላዊው። «የአንተ ድርሻ ነው፤ ዛሬውኑ ንገረው።»

አባቴ በማይከፈት አፉ ታገለ። «ዛሬ… ዛሬ ልጃቸውን ሊያለቅሱ የተቀመጡ ሰው ናቸው። እኔም አብሬያቸው ላለቅስ ነው የተቀመጥኩት።»

«ይህ ሰው ሳያምን ቢሞት ደሙ በእጅህ ነው።»

አባቴ በሩን ከፈተለት። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «የምስክርነት ሕይወት የለውም» ብለው ከአገልግሎት አገዱት፤ ወንበር መደርደሩንም ሌላ ሰው ያዘው።

በአባቴ ላይ ወሬ የተነሳው ለቅሶው ሳይበተን ነው። ሌላው ሁሉ ሲተኮስበት የፋብሪካው ሰው እንዴት አለፈ? ሰላይ ቢሆን ነው እንጂ። አገጩስ? እሱማ ለማስመሰል። የለሜሳ ጓደኞች ማታ ማታ ጣሪያችንን በድንጋይ ይደበድቡ ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ ኦቦ ቱሉ በራችን ላይ ቆሙ። እኔን አላዩኝም።

«ማርቆስ፣ ቤቱን ልቀቅልኝ።»

«እሺ፣ ኦቦ ቱሉ።»

«ልጄን ለወታደሮቹ ያሳያችሁት እናንተ ናችሁ ይላሉ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «መሬቴን ፋብሪካህ በላው። ልጄንስ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አልጋውን መፍታት ጀመረ። እሳቸው ሲሄዱ እናቴ ጮኸች። «ተናገር እንጂ! እንዴት እንደመቱህ ንገራቸው!»

«አፈሩ ገና አልደረቀም» አለ አባቴ። «በልጃቸው መቃብር ላይ ስለ ራሴ ልሟገታቸው?»

አልጋችንን በጋሪ ጭነን ስንወጣ ልጆች ተከትለው ድንጋይ ወረወሩብን፤ አንዱ የእናቴን ጀርባ መታት። ከዚያ ወዲህ የኖርነው ገላን፣ ከመጋዘኖች ጀርባ ነው። የአባቴ አገጭ ተጣሞ ዳነ። ቀድሞም ይንተባተብ የነበረው ንግግሩ ያን ጊዜ ጭራሽ ከሰው ጆሮ ራቀ።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ፉሪ ከታክሲ ስወርድ መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡ ሴት አፍጥጠው አዩኝ። የኦቦ ቱሉ ሚስት አዴ ዲንቄ ነበሩ። ባላቸው መሞታቸውን ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ያዙና ሹክ አሉኝ።

«እኔ እኮ አይቻለሁ። አጥሩ ሥር ተደብቄ ነበር። አባትሽ ተንበርክኮ ወታደሮቹን ለመናቸው። በሰደፍ ሲመቱት ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ለመናቸው። ልጄን ያኔ ነው የለቀቁለት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንድ ልጄን ቀብሬ… የሰላይ ወዳጅ ተብዬ ባሌንም ቤቴንም ላጣ? እናንተማ ሂያጅ ናችሁ።» እንባቸው አልወረደም። ድንቹን መደርደር ቀጠሉ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀም። «ኦቦ ቱሉ ታመው ነው ወይስ ድንገት?» አለኝና በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ ፉሪ ድረስ አስከተለኝ። አዴ ዲንቄ ሲያዩት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቴ ድንቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለቅሶ ደራሽ እንደሚቀመጠው፣ አንገቱን ደፍቶ። እሳቸው እውነቱን ዛሬም ለሰፈሩ አልተናገሩም፤ እሱም አልለመናቸውም።

ከዚያ ሁሉ ከእኔ ጋር የቀረው አንድ ፍርሃት ነው። በቤተ ክርስቲያን «ውጡና መስክሩ» ሲባል ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ፤ ቃሉ አይቸግረኝም፣ አፌም እንደ አባቴ አይተሳሰርም። አንዱ በር ተከፍቶ ሰው ሲያየኝ ግን ድምፄ ይጠፋል። እንዳይሰማኝ ፈርቼ አይደለም። ሰምቶኝ፣ አምኖኝ፣ «አንቺስ የምትናገሪውን መኖር ትችያለሽ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ አባቴን እያሰብኩ ምን እንደምመልስለት ስለማላውቅ ነው።