በጥርስ የተያዘች ክር

ዝላታ ሹልማን መርፌ ይዛ ስትሠራ ማንም ደፍሮ አያናግራትም ነበር፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳልና። ከሊትዌኒያ በመርከብ መጥታ፣ ወጣትነቷን ኒውዮርክ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ጨርሳ፣ ባሏን በሳንባ በሽታ ቀብራ፣ አንዲት ልጇን ይዛ ፀሐይ ፍለጋ ሎስ አንጀለስ የገባች ሴት ናት። ፀሐይዋን አገኘች። ፊልም አፍ አውጥቶ መዝፈን በጀመረ ማግስት ደግሞ ሆሊውድ ካሉት ስቱዲዮዎች ባንዱ፣ ልብስ ክፍል ውስጥ በሰፊነት ተቀጠረች። መስኮቱ ይከፈታል። ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ አለቃ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። የሰፈሯ የቦይል ሃይትስ አይሁድ ጎረቤቶቿ "ዝላታ በቁሟ ገነት ገባች" ይሉ ነበር። እሷም ከዚያ ገነት እንዳትባረር ስትል የማትውጠው ነገር አልነበረም።

ከዋጠቻቸው ነገሮች ዋነኛው አንድ የአገሯ ልማድ ነው። በእነሱ በአይሁዶቹ ዘንድ ልብስ ገላ ላይ እንዳለ የሚሰፋው ለሬሳ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ላይ መስፋት ግድ ሲሆን ሰውየው ክር በጥርሱ ይዞ ያኝካል፤ ያን ጊዜ መልአከ ሞት "ይሄስ ገና ይበላል" ብሎ ያልፈዋል። ዝላታን ታምኚበታለሽ ወይ ብትሏት ትስቅባችኋለች። ክር ሳታስይዝ ግን ሰፍታ አታውቅም። ስቱዲዮ በገባች ሰሞን ለአንዲት ጨፋሪ ክር ብታቀብላት ልጅቷ ጩኸቷን አቀለጠችው። የልብስ ክፍሉ አለቃ ሚስስ ሃርግሮቭም ጠርታ፣ "ሁለተኛ የመንደርሽን ጥንቆላ እዚህ ባይ መቀስሽን ይዘሽ ውልቅ ትያለሽ" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ዝላታ ሰው ላይ ስትሰፋ ክሩን ራሷ ታኝክ ጀመር፤ ስለ ሁለቱም።

በዚያ ዓመት የሚሠራው ፊልም ስለ አንዲት ስደተኛ ሰፊ ነበር። ልጅቷ ከመርከብ ትወርዳለች፣ ሀብታም ቤት መጋረጃ ስትሰፋ የቤቱ ልጅ ይወድዳታል፣ እናቱ ታባርራታለች፣ እሷም ጣሪያ ላይ በተሰጡ አንሶላዎች መሃል ዘፍና ልቡን ትመልሰዋለች። ዝላታ ታሪኩን የሰማች ቀን ልብስ ለምትተኩሰው ለኮንሱኤሎ፣ "እኔ መጋረጃ ስሰፋ የወደደኝ ቁንጫ ብቻ ነው" ብላት ካውያውን እስክትጥል አስቃታለች። ሰፊዋን ሆና የምትጫወተው ሎርና ዴሌን ነበረች፤ ጋዜጣው ሁሉ የቦስተን መርከብ አዛዥ ልጅ፣ መነኮሳት ዘንድ ያደገች የሚላት ቆንጆ።

የጣሪያው ዘፈን ለመጨረሻው ቀን ተረፈ። በእንጨት የተሠራው ጣሪያ በማግስቱ ሊፈርስ ነው፤ ቦታው ለሌላ ፊልም ተሰጥቷል። ዳይሬክተሩ ሚስተር ክሮስ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ነው የዋለው። መብራት ያንቀጠቀጠውን አባረረ። ያስነጠሰውንም አባረረ። ሠራተኛው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ግድግዳ ተለጥፏል፤ ዝላታም ከአንሶላዎቹ ኋላ ቆማ፣ የዛሬን ብቻ አሳልፈኝ እያለች ትለምናለች።

ወንዱ ተዋናይ ሎርናን ወገቧን ይዞ ሲያነሳት የቀሚሷ ትከሻ ቷ ብሎ ተተረተረ።

"ልብስ! የታለ ልብስ ክፍል!" ሚስተር ክሮስ ወንበሩን በእርግጫ አለው። "ይህንን ሳልቀርጽ ቢመሽ የማንን አንገት እንደምቆርጥ አውቃለሁ!"

ቀሚሱ ወልቆ እስኪለበስ ፀጉሯም የፊቷ ቅባትም ሊበላሽ ነው። ሚስስ ሃርግሮቭ የዝላታን ክንድ ጨምድዳ ወደፊት ገፋቻት። "ላይዋ ላይ ስፊው። ቶሎ! እና ያ ነገርሽን እንዳላይ።"

ዝላታ ተጠጋች። "እንዳይወጋዎ ሚስ ዴሌን፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ" አለች።

ሎርና አልተንቀሳቀሰችም። እጇን ብቻ ሰደድ አድርጋ፣ ዝላታ ትከሻ ላይ ከተንጠለጠሉት ክሮች አንዱን መዘዘችና ጥርሷ መሃል አስገብታ ማኘክ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። ዓይኗ እንኳ ወደ ክሩ አልዞረም፤ ሕፃን ልጅ ሳያስብ ጣቱን እንደሚጠባ ነው ያደረገችው።

የዝላታ መርፌ አየር ላይ ቀረ። "ማነው ያስተማረሽ?" አለች በሹክሹክታ። አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል።

ሎርና ያን ጊዜ ነው ያደረገችውን ያወቀች። በወፍራሙ ቅባት ሥር ፊቷ ጨው መሰለ። "እናቴ" አለች፣ ከንፈሯ ሳይላወስ። ቀጥላም የዝላታ እናት ትናገርበት በነበረው በዪዲሽ ቋንቋ፣ "እትዬ፣ በሞቴ። አይሁድ መሆኔን እዚህ ማንም አያውቅም። ካወቁ አለቀልኝ" አለቻት።

"አይዞሽ። አኝኪ ልጄ" አለች ዝላታ፤ መስፋቷንም ቀጠለች። የመርከብ አዛዥ ልጅ! ልቧ ሊስቅም ሊያለቅስም አማረው።

የመጨረሻዋን ቋጠሮ እንደቋጠረች "ሙዚቃ ልቀቁ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ዝላታ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ አንሶላዎቹ ኋላ ተወረወረች። ዘፈኑ ቀደም ብሎ በሸክላ የተቀዳ ነው፤ ካሜራ ፊት አፍን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ሙዚቃው ተንቆረቆረ፣ ካሜራው እስከ ሎርና አፍንጫ ድረስ ተጠጋ። ዝላታም አየች። ክሯ እዚያው ናት። በከንፈሯ ዳር ነጭ ጫፏ ብልጭ ትላለች።

ስፌቱ ሲያልቅ ክሩን ከአፏ የሚቀበለው ሰፊው ነው። ዝላታ ግን በድንጋጤ ረስታዋለች። አሁን ብትጮህ ቀረጻው ይቋረጣል፣ ሚስተር ክሮስም ቁራጭ ሥጋ አያስቀርላትም። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ፊልሙ ሲታይ ጉዱ ይወጣል። ሎርና ክሯን ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ባሕር ማዶ ስለቀረ ቤት የሚለውን ግጥም በከንፈሯ ትከተላለች። እንዲያ ሆና ማንም አይቷት አያውቅም። ዝላታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ቆመች።

"ቁረጥ!" ሚስተር ክሮስ አፍንጫውን ጠረገ። "ይኼ ነው! ይኼን ነበር..."

ካሜራ ያዡ ራሱን አከከ። "አፏ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ አለቃ። ክር መሰለኝ።"

ሚስስ ሃርግሮቭ ወደ ዝላታ ዞረች። "አንቺ ነሽ። አፏ ውስጥ የከተትሽባት አንቺ ነሽ አይደል?"

ዝላታ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ራሷ ናት መዝዛ የወሰደችው፣ ጠይቋት። አንዲት ቃል ናት። ሎርናን አየቻት። ሎርና ክሯን በጣቷ ጠቅልላ ይዛ ወለሉን ታያለች። ዝላታ ጠበቀቻት። አሁን ትናገራለች፣ እኔ ነኝ ትላለች፣ እያለች ጠበቀቻት። ሎርና ቀና አለች፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ፍርሃት፣ ከመርከብ ሲወርዱ ሐኪሙ በሽተኛ ነው ብሎ ኮት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ እንዳይመልስ ትንፋሽ የሚያስይዘው ዓይነት ነበር። ዝላታ ያንን ፍርሃት ታውቀዋለች።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች። "የአገሬ ልማድ ነው።"

"ውጪልኝ!" አለ ሚስተር ክሮስ። "እናንተ ደግሞ አዘጋጁ፣ ይደገማል!"

ዝላታ መቀሷን ይዛ ወጣች። ከበሩ ውጭ ስትደርስ ግን ደሟ ፈላ። ለፊልም ስደተኛ፣ ለሰው ሲሆን የመርከብ አዛዥ ልጅ! አንዲት ቃል አጥታ ሰው ታስባርር! እስከ ትራም ማቆሚያው ድረስ ስትረግማት ሄደች።

ሥራ ያገኘችው መሃል ከተማ፣ ቀሚስ የሚሰፋበት ጉረኖ ውስጥ ነው። መስኮቱ ተቸንክሯል። የሸሚዝ ፋብሪካው ዘመን ሳሏ ተመለሰ። ኮንሱኤሎ ልትጠይቃት መጥታ አንድ ወሬ ነገረቻት፤ ያን ቀን ሎርና "አልደግመውም፣ ያችን የተቀረጸችውን ካልፈለጋችሁ ፊልሙን ጣሉት" ብላ ክፍሏን ዘግታ ቀረች አሉ። ጣሪያውም በማግስቱ ፈረሰ፤ ክር ያለባት ቀረጻ እንዳለች ፊልሙ ውስጥ ገባች። ፊልሙ ሲወጣ ጋዜጦቹ፣ ሰፊዋ ክር ነክሳ መዝፈኗ እንዴት ያለ ጥበብ ነው ብለው አወደሱ። ሚስተር ክሮስም "የእኔ ሐሳብ ነበር" ብሎ አረፈው።

"ጥርግ ትበል" አለች ዝላታ። ጎረቤቷ ሻይንድል ግን ጎትታ ሲኒማ ቤት ወሰደቻት። ዝላታ የሎርናን ምስጢር ለማንም አልነገረችም፤ ሻይንድልም የምታውቀው ከሥራ መባረሯን ብቻ ነው። አዳራሹ በቦይል ሃይትስ ሴቶች ጢም ብሏል፤ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ፣ የሀብታሙን ልጅ እናት ይሳደባሉ።

የጣሪያው ዘፈን መጣ። የሎርና ፊት ግድግዳውን ሞላው። ነጯ የክር ጫፍ ከንፈሯ ዳር ብልጭ አለች።

ፍልፈላው ቆመ። አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር፣ "ውይ በሞትኩት፣ ክር ይዛለች!" አለች። "አኝኪው ልጄ!" አለች ሌላዋ። ሳቁና ጩኸቱ ከወንበር ወንበር እየተቀባበለ አዳራሹን አዳረሰው።

ሻይንድል የዝላታን ጉልበት ጨበጠች። "አንቺ፣ አንቺ! ይህቺ ልጅ የእኛ ናት እንዴ?"

ነገሩ ሁሉ ዝላታ አፍ ላይ መጣ። መቀሷን ይዛ የወጣችበት ቀን፣ የተቸነከረው መስኮት፣ ሳሉ። ግድግዳው ላይ ሎርና ክሯን ነክሳ ታለቅሳለች።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዝም ብለሽ እይ" አለች። ሻይንድል ዓይኗን ወደ ፊልሙ ስትመልስ ግን፣ ይቅር አልላትም ብላ የማለችው ዝላታ፣ ከሴቶቹ ጩኸት በታች በራሷ ቋንቋ፣ "አኝኪ ልጄ" ስትል ራሷን ሰማች። "አኝኪ፣ አይዞሽ።"