የግርማ መሐረብ

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ አቃቂ መብራት ጠፍቶ ከሰፈራችን ሱቅ ዳቦ ስገዛ፣ ባለሱቁ የስልኩ ባትሪ አልቆበት ኖሮ ክብሪት ጫረ። የመጀመሪያው ጭንቅላቱ ተገንጥሎ በረረ፣ ቀጣዩ ወገቡ ላይ ተቀነጠሰ፣ በመጨረሻ አንዱ እንደ ምንም በራና የድኝ ሽታው አፍንጫዬን ሲወጋው ዳቦውን ረስቼ የድሮ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ሰው የልጅነት ቤቱን ሲያስታውስ ፍቅር ፍቅር ይሸተዋል ይባላል። እኔን የሚሸተኝ ጥርጣሬ ነው።

አባባ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሥር መብራት በበራበት መስታወት ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ሲፈልግ ይውልና፣ ማታ ቤት ሲገባ ዓይኑን ፋብሪካው ውስጥ ጥሎት አይመጣም ነበር። ዳቦውን ገልብጦ ሳያይ አይቆርስም፤ የትምህርት ቤት ውጤቴን ወደ መስኮት ዘርግቶ በብርሃን ያየዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከሰላምታው በፊት የኮቱን ቁልፎች ይመረምራል። እናታችን በሕይወት ሳለች «ይሄ ሰውዬ እኔንም ያገባኝ ጉድለት ፈልጎ ሲያጣ ነው» ትል ነበር።

ግርማ ወደ ቤታችን የገባው በሬዲዮ ሰበብ ነው። ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ እጁ የማያርፍ፣ ሳቂታ ወጣት ነበር። የሚገርመው፣ እሱ ሳይታወቅ በፊት ጉንፋን እንኳ ይዞት የማያውቀው ሬዲዮአችን፣ ግርማ አንድ ጊዜ ከጠገነው በኋላ እሁድ እሁድ መታመም ጀመረ። አባባ የሬዲዮውን ጀርባ ያያል፣ ግርማን ያያል፣ ከዚያ ሻይ የምታቀርበውን እህቴን አልማዝን ያያል፤ ግን በብርሃን ቢያስኬደውም የሚጨበጥ ነገር አላገኘም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ግርማ ሬዲዮውን ገጣጥሞ ሲጨርስ፣ ቤቱን ያሟሙቅ ብሎ ይሁን አይታወቅም፣ ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣ። አንድ የክብሪት እንጨት መሐል ላይ አስቀመጠና ጠቅልሎ ለጎረቤታችን ለእትዬ በለጡ አቀበላቸው።

«ይስበሩት እትዬ።»

እትዬ በለጡ በጨርቁ ላይ ጨበጥ አድርገው ሰበሩት። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን። ግርማ መሐረቡን ሲዘረጋው የክብሪት እንጨቱ ደህና፣ እንደ ተኛ ሕፃን ቁጭ ብሏል።

እኔ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ግን ብቻዬን ነበር።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ በለጡ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «አፍዝ አደንግዝ ነው! የአክስቴ ልጅ እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ ልታቀብል ተሰልፋ፣ አንዱ እንዲህ እየሳቀ አናግሯት የለ? ነጠላዋን በገዛ እጇ አውልቃ ሰጠችው እኮ! ጋሼ፣ ደጃፍዎን ጠበል ያስረጩ!»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እትዬ በለጡ የሰሙት ነገር ለራት ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ያኔ በእኛ ሰፈር የሰው ዓይን ያፈዝዛል ለተባለ ወንድ ደግሞ ልጁን የሚድር አባት የለም። አልማዝ የሻይ ሰሃኑን እንደያዘች በር ላይ ደርቃ ቀረች። ግርማም ገባው። ዝም ካለ መተተኛ ነው፣ ምስጢሩን ካወጣ አታላይ ነው፤ የእኛ ቤት ደግሞ ለሁለቱም ወንበር የለውም።

«ጨዋታ ነው ጋሼ» አለና መሐረቡን ለአባባ ሰጠው።

አባባ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጨርቁን ዘርግቶ በብርሃን አየው፤ ከዚያ ታጥፎ የተሰፋውን ዳር፣ ቅምቅማቱን፣ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ መጣና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቅምቅማቱ ውስጥ የተሰበረ ክብሪት ነበር። እትዬ በለጡ የሰበሩት ይኸኛውን፣ ተደብቆ የተሰፋውን ነው። ሁላችንም ተነፈስን፤ አባባ ግን መሐረቡን አላስቀመጠም። አሁን የሚያየው ስፌቱን ነበር። ነጭ መሐረብ በሰማያዊ ክር ተቀምቅሟል፤ ክሩ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሦስቴ ወደ ኋላ ተመልሶ ታስሯል። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና እሁድም የማላወልቀውን የዩኒፎርም ሱሪዬን ጫፍ ገልብጦ አየ። ያው ሰማያዊ ክር፣ ያው ሦስቴ ተመልሶ የታሰረ ጫፍ።

«አልማዝ።»

«አቤት አባባ።»

«ይሄን ማን ቀመቀመው?»

የሻይ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች።

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ በለጡ፣ ከልባቸው አዝነው። «መተቱ ይሻል ነበር!»

አባባ መሐረቡን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ግርማን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «መሐረብ ለማሰፋት መንገዱን ያወቀ ሰው፣ ሽማግሌ ለመላክ ጠፋው?» አለ። «እሁድ ሬዲዮ ልሥራ ብለህ እንዳትመጣ። ሽማግሌ ላክ።»

ሬዲዮው ከዚያ ወዲያ ታሞ አያውቅም። አባባም እስኪሞት ድረስ በየዓመት በዓሉ፣ ጠጅ ቀመስ ሲያደርግ፣ ለአማቹ ያቺን የእሁድ ዕለት ሳያነሳ አይቀርም ነበር። «የኔን ዓይን ልትሸውድ!» ይለዋል፤ ግርማም አንገቱን ደፍቶ መሸነፉን ያምናል። አባባ ከሕይወቱ እንደዚያች ግኝት የኮራበት ነገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝና መብራት በጠፋበት በዚያ ምሽት ከሱቁ ስመለስ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በማግስቱ ሳሪስ አልማዝ ቤት ሄድኩ። የልጅ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። እንደዚያ ያለች ባለሙያ ምን ነክቷት ነጭ መሐረብ በሰማያዊ ክር እንደቀመቀመች ጠየቅኳት።

ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

«ነጭ ክር የቸገረኝ መሰለህ?» አለች። «ግርማ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ሲፈታ ሲገጥም አፍ አውጥቶ መናገር አቃተው። እኔም ለአባባ ልናገር አልችል። አባባ ደግሞ ከነገሩት ይልቅ ራሱ ያገኘውን ነው የሚያምነው።»

«ግርማ ያውቅ ነበር?»

«ምኑን ያውቃል! ክሩን እንኳ አላየውም።»

ከቤቷ ስወጣ አውቶቡስ እስክሳፈር ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። ወሬውን ለማን እንደምነግረው ሳስብ ነው ሳቁ የቆመው። ግርማ ቢሰማ ይስቃል፣ ልጆቻቸውም ይስቃሉ፤ ስቀው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ይህን ነገር ወደ መስኮት ወስዶ፣ ዘርግቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ መጀመሪያ ተናድዶ ቀጥሎ በልጁ ሥራ የሚኮራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ምንም ሳያመልጠው እንደኖረ አምኖ ሄዷል።